ቤትን በክፍል በክፍል ማሞቅና ማቀዝቀዝ



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ቤትን ስለ ማሞቅና ስለ ማቀዝቀዝ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው የአጋሮን ከተማ ሲሆን፣ ነገሩ በጅማ፣ በሊሙ ገነትና በዙሪያው ባሉት የቡና ከተሞች ለሚኖሩ ሁሉ የሚጠቅም ነው ብለን እናምናለን።

በእነዚህ ከተሞች ልጃቸው ውጭ አገር ሠርቶ ገንዘብ የሚልክላቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ገንዘቡ ሲጠራቀም አሮጌው ቤት ይፈርስና አዲስ ይጀመራል። በዚህ ጊዜ ከልጁ ዘንድ አንድ ሐሳብ ይመጣል። ልጁ ጅዳ ያለ እንደሆነ የለመደው ቀንና ሌሊት የሚያቀዘቅዝ ኤር ኮንዲሽነር ነው። ቶሮንቶ ወይም ሚኒሶታ ያለ እንደሆነ ደግሞ የለመደው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ የየክፍሉን ሙቀት ለየብቻ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ነው። «ለአባባና ለእማማ ይህንኑ እናስገባላቸው፤ ቤቱ ሁሉ እንደየክፍሉ ይሙቅ፣ ይቀዝቅዝ» ይላል። ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ገንዘቡ ወደ መሣሪያው ከመሄዱ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ። መሣሪያው የሚገባው ቤቱ በጣሪያው፣ በግድግዳውና በክፍል አከፋፈሉ የሚችለውን ያህል ከሠራ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ስለሚሆን መሣሪያውም ትንሽ ይሆናል።

አየሩን ማወቅ ይቀድማል

አጋሮ ከጅማ ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ በለጥ ባለ መጠን ይቀንሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከምትገኘው ከአዲስ አበባ ጋር ስናነጻጽራት አጋሮ በ4 ዲግሪ ያህል ሞቅ የምትለው ለዚህ ነው። ስለዚህ አጋሮ እንደ ጅዳ የምታቃጥል፣ እንደ ሚኒሶታም የምታደርቅ አገር አይደለችም።

ሆኖም ሦስት ችግሮች አሉ። አንደኛው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ምድሩ የቀኑን ሙቀት ወደ ላይ ይለቅና ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ ቅዝቃዜው ይበረታል። ለሱብሒ ሶላት የሚነሱ አረጋውያን ይህን ብርድ ከማንም በላይ ያውቁታል። ሁለተኛው በየካቲትና በመጋቢት የሚመጣው የቀትር ሙቀት ነው። ሦስተኛው በረዥሙ የዝናብ ወራት የሚገባው እርጥበት ሲሆን፣ ልብስ ያሻግታል፣ ግድግዳ ያጠቁራል፣ ደረታቸው ደካማ የሆኑ ሰዎችንም ያስቸግራል።

ከእነዚህ መካከል ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚቆይ ሙቀትም ሆነ ብርድ የለም። በአንድ ቀን ውስጥ ንጋት ላይ ብርድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሙቀት ይሆናል። ችግሩም በሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ አይመጣም። ስለዚህ መፍትሔው እንደየሰዓቱና እንደየክፍሉ መሆን አለበት ማለት ነው።

ሙቀቱ የሚገባው ከላይ ነው

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ በቀትር አናታችን ላይ ነች። ስለዚህ ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያው ይመታል። የቆርቆሮ ክዳን ደግሞ ስስ ብረት ነውና ሙቀቱን ወዲያው ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያወርደዋል። ሌሊት ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ቆርቆሮው ከውጭው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዝና የሰዎች ትንፋሽና የምግብ እንፋሎት ከሥሩ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ብዙ ሰው ጣሪያው የሚያፈስ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ድሮ የነበረው የሣር ክዳን ወፍራምና አየር ያዘለ ስለነበር ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ይከለክል ነበር። ቆርቆሮ እሳትንና ዝናብን በመቋቋም ይሻላል። ነገር ግን ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ሌላ ነገር ሊተካው ይገባል። ያም ኮርኒስ ነው። ከማዳበሪያ ጆንያ ወይም ከአቡጀዲ የተወጠረ ኮርኒስ አቧራ ይከላከል እንደሆነ እንጂ ሙቀትን ብዙ አይከለክልም። ከቺፕውድ ወይም ከጣውላ የተሠራ፣ ክፍተት የሌለው ኮርኒስ ይሻላል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ባዶ ቦታ በሁለቱም ጫፍ የአየር መውጫ ይኑረው፤ መውጫውም አይጥና የሌሊት ወፍ እንዳይገቡበት በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ቆርቆሮውን ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቀለም መቀባትም ቀላልና ርካሽ ዘዴ ነው።

ግድግዳን በተመለከተ፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይጠጣና ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ስስ ብሎኬት ይህን ያህል አያደርግም። «የድሮው ቤት ይሻል ነበር» የሚሉ እናቶች አለምክንያት አይደለም። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ወደ ምዕራብ የዞረው ግድግዳ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ፀሐይ ይመታዋልና። ወደ ምዕራብ በኩል በረንዳ ማውጣት ወይም ዛፍ መትከል ይረዳል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጅማ አቅራቢያ ጅሬን ላይ የሚገኘውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያዩ ሁሉ የሚያስታውሱት አንድ ነገር አለ፤ የእንጨት ሥራውና ፎቁን ተከትለው የሚሄዱት ሰገነቶች ናቸው። አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙ ናቸው። በዚያ ዘመን በጅማ የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ አልታሰበም። በረንዳው ግን ፀሐይንም ዝናብንም ከግድግዳው ያርቃል፤ ከፍ ያለው ጣሪያም ሙቀቱን ከሰው ራስ በላይ ያደርገዋል። ዛሬ በየከተማው የሚሠሩት ብዙ ቪላዎች ይህን በረንዳ ትተው በመስታወት ተክተውታል። መስታወት ደግሞ ፀሐይን አስገብቶ ሙቀቱን ይዞ የሚያስቀር ነገር ነው።

ቤቱን በቀጠና መክፈል

ባለሙያዎች «ዞን» የሚሉት ነገር አለ። ይህ እንደ ጅማ ዞን ያለ የአስተዳደር ክልል አይደለም፤ ተመሳሳይ ሙቀት የሚፈልጉና በተመሳሳይ ሰዓት የሚያገለግሉ ክፍሎችን በአንድ መድቦ ለብቻ መቆጣጠር ማለት ነው። እኛ ቀጠና እንበለው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በደማስቆና በካይሮ የነበሩ የቀድሞ ቤቶች ለበጋና ለክረምት የተለያዩ ክፍሎች ነበሯቸው። ቤተሰቡ በሙቀት ጊዜ ወደ ሰሜን በዞረውና ግቢውን በሚያየው ክፍል ይቀመጣል፤ በብርድ ጊዜ ፀሐይ ወደሚያገኘው ይዛወራል። ሐሰን ፈትሒ የተባሉት ግብጻዊ የሕንፃ ሊቅ (1900–1989 እ.ኤ.አ.) ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ይህንኑ የቆየ ዕውቀት እንዳንጥለው ነበር። ቤቱን ለሰው ከማንቀሳቀስ ሰውን በቤቱ ውስጥ ማንቀሳቀስ ይቀላል።

የአጋሮን ቤት በዚህ ዓይን ስናየው አምስት ቀጠናዎች እናገኛለን።

1ኛ. መኝታ ቤት። የሚያስፈልገው ሌሊት ብቻ ነው። ሕፃናትና አረጋውያን ካሉበት ብርዱ ሊቃለል ይገባል። መኝታው በምሥራቅ በኩል ቢሆን ጥሩ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ከሰዓት በኋላም ይቀዘቅዛል።

2ኛ. የእንግዳ መቀበያ ወይም ሳሎን። የሚያስፈልገው ከቀትር እስከ ምሽት ነው። ብዙ ሰው ስለሚቀመጥበት የሰዎቹ ሙቀት ራሱ ያሞቀዋል፤ ሰርግና ሐዘን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው ትይዩ መስኮትና ማራገቢያ ነው።

3ኛ. ማድ ቤት። የራሱ እሳት አለውና ማሞቂያ አይፈልግም። የሚፈልገው ጭስ ማውጫ ነው። ከመኝታ ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ይውጣ፤ አለዚያ ጭሱ በኮርኒሱ ላይ አልፎ መኝታ ቤት ይገባል።

4ኛ. መታጠቢያና ውዱእ ማድረጊያ። ቀዝቃዛ ውሃ በንጋት ለአረጋውያን ከባድ ነው። እዚህ ክፍሉን ከማሞቅ ውሃውን ማሞቅ ያዋጣል። በጣሪያ ላይ የሚቀመጥ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ በበጋው ወራት፣ ማለትም ብርዱ በሚበረታበት ወቅት፣ ሰማዩ ጥርት ስለሚል በደንብ ይሠራል። ይህን ያልቻለ ማታ የፈላ ውሃ በቴርሞስ አስቀምጦ ንጋት ላይ ከቀዝቃዛው ጋር መቀላቀል ይችላል።

5ኛ. የቡና ማስቀመጫ። ብዙ ቤተሰብ ቡናውን ገበያ እስኪወጣ ድረስ በቤቱ ያኖራል። ቡና እርጥበትንም ሽታንም ይስባል። ስለዚህ ከማድ ቤቱ ጭስና ከመታጠቢያው እርጥበት ይራቅ፤ ጆንያው ከወለሉ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ከግድግዳም ፈቀቅ ይበል። ይህ ክፍል የሚፈልገው አየር እንጂ ሙቀት አይደለም።

ከአምስቱ ቀጠናዎች መካከል መሣሪያ ሊያስፈልጋቸው የሚችለው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን እናስተውል። በመካከላቸው ያለው በር ደኅና አድርጎ የሚዘጋ ይሁን። በር የማይዘጋበት ቤት ቀጠና የለውም፤ የአንዱ ሙቀት ወደ ሌላው ያልፋልና።

አንድ ነገር እንጨምር። ሌሊት መስኮት ከፍቶ ቤቱን ማቀዝቀዝ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን አጋሮ ወባ ካለባቸው አካባቢዎች የምትመደብ ናት። ስለዚህ መስኮቱ የሽቦ ወንፊት ይኑረው፤ ወንፊት ቢኖርም አጎበር አይቅር።

የከሰል ፍም በመኝታ ቤት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። ብዙ ቤተሰብ መኝታ ቤቱን የሚያሞቀው በመሣሪያ ሳይሆን በከሰል ነው። ማታ ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ የተረፈው ፍም «ሙቀቱ በከንቱ አይለቅ» ተብሎ ሕፃናት ወደሚተኙበት ክፍል ይገባል፤ በር ይዘጋል፤ ብርዱ እንዳይገባም የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል። ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። በአገራችን በዚህ ምክንያት ሳይነቁ የቀሩ ቤተሰቦች አሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅን ከሚያዝበት ጥንካሬ ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው እየተነፈሰም ቢሆን አካሉ አየር ያጣል። ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ሳይሰማው እንቅልፉ ይከብድበታል።

በዚህ ላይ ሰዎች የሚያምኑባቸው ሦስት የተሳሳቱ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ «ጭሱ ከወጣለትና ፍሙ ከቀላ በኋላ ጉዳት የለውም» ይባላል። ሐሰት ነው። ጭስ የሌለው ቀይ ፍም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ጭሱ ቢኖር ኖሮ እንኳ ሰው ያስለው ነበር፤ ፍሙ ግን አያስጠነቅቅም።

ሁለተኛ፣ «አመድ ካለበሱት አይጎዳም» ይባላል። ይህም ሐሰት ነው። አመድ የለበሰ ፍም አየር ስለሚያጥረው ቀስ ብሎ ይነዳል፤ በዚህ ዓይነት የሚነድ ፍም ደግሞ መርዙን ማውጣቱን አያቆምም።

ሦስተኛ፣ «አጠገቡ ውሃ ቢቀመጥ ይስበዋል» ይባላል። ውሃ ይህን ጋዝ አይስብም።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና መደናገር ናቸው። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁለትም ሦስትም ሆነው በአንድ ጊዜ ከታመሙ «ምግብ ተመርዞ ነው» ከማለት በፊት ከሰሉን መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ሲሆን ወዲያው በርና መስኮት ይከፈት፤ የታመሙት ሰዎች ወደ ውጭ ይውጡ፤ ፍሙ ይውጣ፤ ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዱ። ሕክምናው ኦክስጅን ነውና ወተት በማጠጣት ወይም ሎሚ በማሽተት ጊዜ አይጥፋ። ራሱን የሳተ ሰው ምንም ነገር በአፉ አይስጡት። ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ሕመሙ ቀላል ቢመስልም ትመርመር፤ ፅንሱ ከእናቱ ይበልጥ ይጎዳልና።

ታዲያ ብርዱስ? ከመተኛት በፊት ክፍሉን ማሞቅ የፈለገ ሰው ቡናውን በር ከፍቶ ያፍላ፤ ሰው ከመተኛቱ በፊት ግን ምድጃው ከነፍሙ ከቤት ይውጣ። ለሕፃናትና ለአረጋውያን በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ በእግር በኩል ማድረግ፣ ወፍራም ጋቢና ብርድ ልብስ መደረብ፣ ከወለል ከፍ ያለ አልጋ ማዘጋጀት፣ ከኮርኒስ ጋር ተደምሮ በአጋሮ ብርድ በቂ ነው። ጄኔሬተርን በመስኮት ሥር ወይም በተዘጋ በረንዳ ማስነሣትም ያንኑ መርዝ ወደ ቤት ያስገባል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ይህ ሁሉ ተደርጎ መሣሪያ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ አውቆ መግዛት ይገባል።

በሰሜን አሜሪካ የተለመደው ዓይነት አንድ ትልቅ መሣሪያ አየሩን አሙቆ ወይም አቀዝቅዞ በሰፋፊ የቆርቆሮ ቦዮች ወደየክፍሉ የሚልክ ነው። በየቀጠናው ግድግዳ ላይ ቴርሞስታት የሚባል የሙቀት መቆጣጠሪያ ይኖራል። የአንዱ ቀጠና ቴርሞስታት «በረደኝ» ሲል ማዘዣው ሰሌዳ መልእክቱን ይቀበልና በቦዩ ውስጥ ያለውን በሞተር የሚንቀሳቀስ ክዳን ይከፍታል፤ የሌሎቹን ይዘጋል። በሙቅ ውሃ በሚሠራው ዓይነት ደግሞ ክዳኑን የሚተካው የውሃ ቫልቭ ነው።

ይህ ዘዴ ለአጋሮ ቤት የማይመችባቸው ምክንያቶች አሉ። ቦዮቹ የሚያልፉት በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ነው፤ ይህም የቤቱ እጅግ ሞቃት ቦታ ስለሆነ የቀዘቀዘው አየር ክፍሉ ሳይደርስ ይሞቃል። በተጨማሪም አንድ ትንሽ ቀጠና ብቻ ተከፍቶ ሌሎቹ ሲዘጉ፣ ትልቁ ማራገቢያ የሚገፋው አየር መውጫ ያጣና መሣሪያው ይጮሃል፤ ሲያቀዘቅዝም በረዶ ሊጋግር ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ በጥንቃቄ የሚያሰላ መሐንዲስና ቅርብ የሆነ ጠጋኝ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ዓይነት ውጭ አንድ፣ ውስጥ አንድ ሆኖ የሚተከለው ስፕሊት ኤር ኮንዲሽነር ነው። በግዢ ጊዜ ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ማሞቅም የሚችል መሆኑ ይጠየቅ። የሚያሞቀው ዓይነት ሙቀትን ከውጭ አየር ወደ ውስጥ ስለሚያጓጉዝ፣ ከአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። በሽቦ የሚግለው ተራ ሂተር ግን ለአንድ እጅ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ 2,000 ዋት ሂተር 3 ሰዓት ሲበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የመብራት ሒሳብ በአገራችን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን እየከበደ የሚሄድ መሆኑንም አንርሳ።

በአንድ የውጭ ክፍል ብዙ የውስጥ ክፍሎችን የሚያሠራም ስፕሊት አለ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የውጪው ከተበላሸ ቤቱ ሁሉ ይቆማል። ተራው ዓይነት ደግሞ አንዱን ክፍል እያሞቀ ሌላውን በአንድ ጊዜ ማቀዝቀዝ አይችልም። ጠጋኝ ከሩቅ ለሚጠራበት ከተማ ሁለት ትንንሽ ለየብቻ የቆሙ ስፕሊቶች፣ አንዱ ለአረጋውያን መኝታ፣ አንዱ ለሳሎን፣ ይሻላሉ። ያውም ቀጠና ማለት ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መቆጣጠሪያ አለውና።

መጠኑን በተመለከተ፣ ኮርኒስ ላለውና ከ12 እስከ 15 ካሬ ሜትር ለሆነ መኝታ ቤት 9,000 ቢቲዩ፣ ወደ 20 ካሬ ሜትር ለሚጠጋ ሳሎን 12,000 ቢቲዩ የሚባለው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከመጠን በላይ ትልቅ መግዛት ጥቅም የለውም፤ ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ስለሚያቆም እርጥበቱን ሳያወጣ ይቀራል።

ሲተከል ልብ የሚባሉ ነገሮች

ባለሙያው ሥራውን ሲሠራ የቤቱ ባለቤት ቆሞ ቢያይ መልካም ነው። የሚከተሉትን ይጠይቅ፦

— መሣሪያው ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይምጣለት። ከማድ ቤት ሶኬት አይቀጠል። የምድር መስመሩም መታሰሩ ይረጋገጥ።

— የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ ለመሣሪያው የሚመጥን ስታብላይዘር ይደረግ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ የሚያስነሳው ቢሆን ኮምፕረሰሩን ያድነዋል።

— የውጪው ክፍል ጥላ ባለበት፣ አየር እንደ ልብ በሚያልፍበት ቦታ ይቀመጥ። የሚተፋው አየርና ድምፁ ወደ ጎረቤት መስኮት አይዙር፤ የጎረቤት ሐቅ ነውና።

— የውስጡ ክፍል በአልጋው ራስጌ ላይ ወይም ሰው በሚሰግድበት ቦታ ላይ በቀጥታ እንዳይነፍስ ይደረግ።

— ግድግዳው ሲበሳ ቀዳዳው ወደ ውጭ በኩል ዝቅ ይበል። የውሃ ማስወገጃው ቱቦም መንገዱን ሁሉ ቁልቁል ይሂድ፤ አለዚያ ውሃው በጭቃው ግድግዳ ላይ ይወርዳል።

— የመዳብ ቧንቧዎቹ ከተገጠሙ በኋላ ጋዙ ከመለቀቁ በፊት በውስጣቸው ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ይመጠጥ። አንዳንድ ሠራተኞች ይህን ትተው ጋዙን ጥቂት በማስተንፈስ ብቻ ያልፉታል። መሣሪያው ያን ዕለት ይሠራል፤ በውስጡ የቀረው እርጥበት ግን ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ባለሙያው ፓምፕ ይዞ ካልመጣ ሥራውን አያስጀምሩት።

— አር-22 የሚባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት እየወጣ ያለ ነው። በእርሱ የሚሠራ አሮጌ መሣሪያ በርካሽ ቢገኝ እንኳ ነገ የሚሞላለት ያጣል።

ሲስተካከል

መሣሪያው ከተተከለ በኋላ ትልቁ ቁም ነገር ቁጥሩን ማወቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በብርድ ጊዜ ለቤት ውስጥ 18 ዲግሪ ጤናን የሚጠብቅ መነሻ እንደሆነ አመልክቷል። ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ከዚያ ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ የአረጋውያን መኝታ ቤት 20 ዲግሪ ላይ ቢደረግ በቂ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማብራትም አያስፈልግም፤ በሰዓት መቁጠሪያው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲነሣ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንዲጠፋ ይሞላ። ለሱብሒ የሚነሳ ሰው ሞቆ ይጠብቀዋል።

ለሳሎን ደግሞ በቀትር 25 ወይም 26 ዲግሪ ይበቃል። ብዙ ሰው ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ 16 ላይ ያደርገዋል። ቁጥሩን ማውረድ መሣሪያውን አያፈጥነውም፤ ሳያቆም እንዲሠራ ያደርገዋል እንጂ። ከመሣሪያው በፊትም የጣሪያ ማራገቢያ ይሞከር። ማራገቢያ ከ50 እስከ 75 ዋት ገደማ ሲበላ 12,000 ቢቲዩ ስፕሊት ግን ወደ 1,000 ዋት ይበላል። ማራገቢያ ሰውን እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝምና ሰው በሌለበት ይጥፋ።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ቴርሞስታት ያለው ቤትም ቢሆን፣ መቆጣጠሪያው ከወለል 1 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ይደረግ። ፀሐይ የሚያገኘው፣ ከበር አጠገብ ወይም ቡና ከሚፈላበት ቦታ በላይ ከሆነ የክፍሉን ሳይሆን የምድጃውን ሙቀት ይለካል። የአየር ማጣሪያው በየወሩ ወጥቶ ይታጠብ፤ አቧራ የያዘ ማጣሪያ መብራት ይበላል፣ በሽታም ያራባል።

ለማጠቃለል

ልጁ ከውጭ የሚልከው ገንዘብ በላቡ ያገኘው ነው። ያለ አግባብ ማባከን ከቤተሰቡም ከላኪውም አይጠበቅም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ በመጀመሪያ ዛሬ ማታ ምንም ወጪ ሳይወጣበት ፍሙ ከመኝታ ቤት ይውጣ። ቀጥሎ ኮርኒሱ ይሠራ፣ ጣሪያው ነጣ ያለ ቀለም ይቀባ፣ ምዕራቡ በበረንዳ ይከለል። ከዚያ በሮቹ ይስተካከሉ፣ ክፍሎቹ በቀጠና ይመደቡ። አንድ ዓመት፣ ብርዱንም ሙቀቱንም ዝናቡንም አይተው ይኑሩበት። ያን ጊዜ የሚበርደው ወይም የሚሞቀው አንድ ክፍል ቀርቶ ከሆነ ለዚያ ክፍል ብቻ መሣሪያ ይገዛለት። ከአባትና ከእናት ጋር ቁጭ ብሎ የትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት እንደሚያስቸግራቸው መጠየቅም አይረሳ። በቤቱ የሚኖሩት እነርሱ ናቸውና።